ሲኒ ላይ የቀረ የከንፈር አሻራ የሴት ይሁን የወንድ ይታወቃል?

የሆጤዋ መምህርት ፦ ደሴ፣ እሁድ ማታ 2:10

ሰላም ቤተሰብ። ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ።

ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቶቼ ቤት ወርቅ ጠፋ። የሴትየዋ የአንገት ሐብል ነው፤ ለሠርጓ የተሰጣት። እሷ እናቷን ልታስታምም ኮምቦልቻ ወርዳ ነበር። ቤት የዋሉት ባልየው፣ ቡና ሊጠጡ የመጡ ሦስት ጓደኞቹና የቤት ሠራተኛዋ ናቸው። በማግስቱ መኝታ ቤት ኮመዲኖው ላይ አንድ ሲኒ ተገኘ። ጠርዙ ላይ ወዝ ያለው የከንፈር ምልክት ነበረበት።

ባልየው በስልኩ አጉልቶ ፎቶ አነሳው። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ሰንጠረዥ ከፈተ። «መስመሩ ቁልቁል ቀጥ ያለ ነው። ቀጥ ያለ ደግሞ የሴት ነው» አለ። ቤት ውስጥ የነበረችው ሴት ሠራተኛዋ ብቻ ናት። በቃ፣ ተፈረደባት። ማታውኑ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። የሁለት ወር ደሞዟም እዚያው ቀረ። የደሴን የኅዳር ብርድ ታውቁታላችሁ። በሬን ስታንኳኳ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር።

እኔ ልጅቷን አምናታለሁ። ግን የእኔ እምነት ለባልየው ማስረጃ አይሆነውም። ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ ከመሬት የተነሳ ወሬ አይደለም። ኬይሎስኮፒ የሚባል ጥናት ነው፤ ስሙ የመጣው ከንፈር ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ፊሸር በ1902 እ.ኤ.አ. ከንፈር ላይ ስላሉት መስመሮች ጽፏል። ፈረንሳዊው የወንጀል ምርመራ ሊቅ ኤድሞን ሎካርድ ደግሞ በ1932 ሰውን ለመለየት እንዲያገለግሉ ሐሳብ አቅርቧል። ወንድና ሴት ላይ ይለያያል የሚሉ ጥናቶችም አይቻለሁ። የቸገረኝ እዚህ ላይ ነው። ልዩነት ካለ፣ አንድ ሲኒ አይቶ «ይሄ የሴት ነው» ማለት ይቻላል? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ። ባልየው ፊት ቆሜ የምናገረው ነገር እፈልጋለሁ።

ጦሳ ስር ፦ ደሴ፣ እሁድ ማታ 2:41

መምህርት፣ ልጅቷ አንጀቴን በላችው። በጨለማ ሰው ማስወጣት የወሎ ሰው ወግ አይደለም። ይሄን አስቀድሜ ልበል።

ግን የከንፈር አሻራን አናቃልለው። እኔ እንዳነበብኩት ልክ እንደ ጣት አሻራ ነው። የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ጃፓን ውስጥ ሱዙኪና ቱቺሃሺ የሚባሉ ተመራማሪዎች ብዙ ደክመውበታል። ቱቺሃሺ በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት 1,364 ሰው አይቷል፤ 757 ወንድ፣ 607 ሴት። አሻራቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች አላገኘም። መንትዮች እንኳ ይቀራረባሉ እንጂ አይገጥሙም። ከንፈር የሚሠራው ገና በማህፀን በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። መስመሩም ቀላል ቁስል ሲነካው ሽሮ ወደ ቦታው ይመለሳል ይላሉ።

ታዲያ ይሄን ያህል ነገር የያዘ ምልክት ወንድና ሴትን መለየት እንዴት ያቅተዋል? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

የጥርስ ሐኪም ፦ ደሴ፣ እሁድ ማታ 3:05

ሁለት ጥያቄ ተደባልቋል። አንደኛው «ይህ አሻራ የእገሌ ነው ወይ» የሚል ነው። ሌላው «ይህ አሻራ የወንድ ነው ወይስ የሴት» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ሁለት አሻራ ጎን ለጎን አስቀምጠን መስመር በመስመር እናስተያያለን። ለሁለተኛው ደግሞ መስመሮቹን በዓይነት በዓይነት እንመድባለን። ጦሳ ስር ያነሳው የጃፓኖቹ ውጤት ለመጀመሪያው ነው። የጎረቤትሽ ሰንጠረዥ ግን የሁለተኛው ነው። የአንዱ ጥንካሬ ለሌላው አይበደርም።

ምደባውን ያወጡት ራሳቸው ሱዙኪና ቱቺሃሺ ናቸው። ከንፈሩን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጠው ቀጥ ያለ መስመር ዓይነት አንድ ይባላል። ቀጥ ብሎ ጀምሮ መንገድ ላይ የሚቀረው የዚያው ታናሽ ነው። እንደ ባላ የሚከፈለው ሁለት፣ እንደ መስቀለኛ መንገድ የሚቆራረጠው ሦስት፣ እንደ መረብ የተጠላለፈው አራት ነው። ከእነዚህ የማይመደበው አምስት ተብሏል።

አሁን ተነሱና መስታወት ፊት ቁሙ። አንድ ዓይነት ብቻ አታገኙም። የእኔ የታችኛው ከንፈር መሃሉ ቀጥ ያለ ነው። ወደ ግራ ጫፉ ስሄድ ባላ ይሆናል። የላይኛው ላይ ደግሞ መረብ አለ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ከንፈሩን ከፋፍለው ይመድቡታል፣ ወይም የታችኛውን መሃል ብቻ ይወስዳሉ። የትኛውን እንደወሰዱ ውጤቱን ይለውጠዋል።

በጾታ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ የሕንድ ናቸው፤ የተሠሩትም የጥርስ ሕክምና ኮሌጆች ውስጥ ነው። አንዳንዶቹ ቀጥ ያለው ሴቶች ላይ ይበዛል፣ የሚቆራረጠውና መረቡ ወንዶች ላይ ይበዛል ብለዋል። ሰንጠረዡ የተቀዳው ከዚህ ይመስለኛል። ሌሎች ግን በሁለቱም ጾታ የሚበዛው ያው አንዱ ዓይነት ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላየንም ያሉም አሉ። የሚበዛው ዓይነት ከሕዝብ ሕዝብም ይለያያል። ሌላ አገር የተሠራን ሰንጠረዥ አምጥቶ ደሴ ላይ ሰው መክሰስ ምንም ሐኪም ነኝ የሚል አያደርገውም።

ዳሌ አጥንት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። የሴት ዳሌ ለወሊድ የተሠራ ስለሆነ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ከንፈር ላይ እንዲህ የጎላ ነገር የለም።

የቦርከና ልጅ ፦ ኮምቦልቻ፣ እሁድ ማታ 3:34

ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ዶክተር ያሉትን በቁጥር ላሳይ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ ከጥናት አልቀዳኋቸውም።

ለሰንጠረዡ እናድላ። ከ100 ሴት 60ዋ ቀጥ ያለ መስመር አላት እንበል። ከ100 ወንድ 40ው። ይሄ ሰፊ ልዩነት ነው። ጋዜጣ ላይ «የሴቶች ከንፈር ከወንዶች ይለያል» ተብሎ ይወጣል።

አሁን ቤት የነበሩትን ቁጠሩ። አራት ወንድ፣ አንዲት ሴት። ሲኒውን ከማየታችን በፊት አምስቱም እኩል ይጠርጠሩ። የልጅቷ ድርሻ 20 በመቶ ነው። ሲኒው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተገኘ። የልጅቷ ክብደት 0.6 ነው። የወንዶቹ 0.4 ሲባዛ በ4፣ 1.6 ነው። ድምሩ 2.2። 0.6ን ለ2.2 ስናካፍል 27 በመቶ ግድም ይመጣል።

ቆም ብላችሁ እዩት። ሰንጠረዡ እውነት ነው ብለን ተቀብለን እንኳ፣ ሲኒው ከወንዶቹ የአንዱ የመሆን ዕድሉ 73 በመቶ ነው! ልጅቷ ከ20 ወደ 27 ነው ያለችው። በዚህች በሰባት ነው በብርድ የወጣችው።

ባልየው ሂሳብ ስላልቻለ አይመስለኝም። ጓደኞቹን ቆጠራው ውስጥ አላስገባቸውም። ራሱንም አላስገባም።

ሐረጎ መስመር ፦ ሚኒባስ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት 1:20

ሳይንሱን ለእናንተ ትቻለሁ። ልጅቷ አሁን የት ናት? በልታ ታድራለች?

የሆጤዋ መምህርት ፦ ሰኞ ጠዋት 1:45

ወንድሜ፣ ስለጠየቅክ አላህ ይስጥህ። ኮምቦልቻ አክስቷ ጋ ገብታለች። ባለፈው ማክሰኞ እኔው መናኸሪያ ወስጄ አሳፈርኳት። ምናልባት በአንተው መኪና ሄዳ ይሆናል። መስኮት ጋ ነበር የተቀመጠችው፣ ፌስታሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

የቦርከና ልጅ፣ ስሌትህን ደብተሬ ላይ ገልብጫለሁ። ዶክተር፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ነበር። የእኔም እንዳሉት ነው፤ መሃሉ ሌላ፣ ጫፉ ሌላ።

ረከቦት ፦ ደሴ ፒያሳ፣ ሰኞ ማታ 1:50

ማታ አንብቤያችሁ ዛሬ ቤቴ ሞከርኩት። ስድስት ሰው ነበርን። አቦል ከተጠጣ በኋላ ሲኒዎቹን አላጠብኩም። የየሰዉን ለመለየት ከየሲኒው ሥር ቁራጭ ወረቀት አደረግሁ። ከዚያ አንድ በአንድ መስኮት ጋ ወስጄ ብርሃን ላይ አጋድሜ አየሁ።

መጀመሪያ ያስገረመኝ፣ ከንፈሩ ሙሉውን አይታይም። ሲኒ ትንሽ ነው፤ ጠርዙም ክብ ነው። ከውጭ በኩል የሚያርፍበት የታችኛው ከንፈር መሃል ብቻ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ናት። የላይኛው ከንፈር ወደ ውስጥ ገብቶ ቡናውን ይነካል እንጂ የረባ ነገር አይተውም።

ወንድሜ ሲኒውን እያዞረ ሦስት ቦታ ጠጥቷል። አንደኛው ላይ ቀጥ ያሉ አራት መስመሮች ቆጠርኩ። ሁለተኛው ተንሸራቶ ጭረት ሆኗል። ሦስተኛው ላይ ቡናው ፈሶ አጥፍቶታል። በሰንጠረዡ ብንሄድ ወንድሜ በመጀመሪያው ሴት ነው።

እናቴ በብርዱ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ጠዋት ጠዋት ቫዝሊን ትቀባለች። የእሷ ምልክት ከሁሉ ጎልቶ ወጣ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን የማየው የስንጥቁን መስመር ነው። የተፈጥሮውን መስመር ከስንጥቁ መለየት አልቻልኩም። በዚህ ወር ደሴ ውስጥ ከንፈሩ ያልተሰነጠቀ ስንት ሰው አለ? ሁለቱ እህቶቼ ደግሞ ምንም አልተዉም ማለት ይቻላል። ትንሽ እርጥበት ነበር፣ ሲደርቅ ጠፋ።

ከዚያ ሊፒስቲክ ተቀብቼ የራሴን ነጭ ወረቀት ላይ አተምኩ። አምስት ጊዜ። ቀስ ብዬ ስነካ ቀጥ ያለ ይወጣል። ጫን ስል ጎን ለጎን ያሉት መስመሮች ይገጣጠሙና ባላ ይሆናሉ። ቀለሙ ሲበዛ መስመሩ ውስጥ ይሞላና ምንም አይታይም። ያው የእኔው ከንፈር ነው። ያው ሊፒስቲክ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ።

ጦሳ ስር ፦ ሰኞ ማታ 2:15

ረከቦት፣ እጅሽ ይባረክ። የተሸነፍኩት በዶክተር ማብራሪያ ሳይሆን በእናትሽ ከንፈር ነው። የእኔም ከንፈር ዛሬ ደም አውጥቷል።

የጾታውን ነገር ትቼዋለሁ። የማንነቱን ግን ገና አልተውኩም። ፖላንድ ውስጥ ፖሊስ ከ1985 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በ85 ጉዳዮች ላይ ተጠቅሞበታል፤ በ34ቱ ውጤት ሰጥቷል ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ በባለሙያ እጅ ከሆነ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ለምሳሌ የልጅቷንና የአራቱንም ወንዶች አሻራ ወስዶ ከሲኒው ጋር ማስተያየት አይቻልም?

ላቦራቶሪ ፦ ኮምቦልቻ፣ ሰኞ ማታ 2:50

መምህርት፣ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ሲኒው አለ?

ካለ ብዙ ነገር ይቻላል። ሲኒ ለስላሳ ነው፤ ቀለም የሌለውን የከንፈር አሻራ እንኳ ልክ እንደ ጣት አሻራ በደቃቅ ዱቄት ማውጣት ይቻላል። ከንፈር ዳር ዳሩ ላይ ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች ስላሉት ዱቄቱ ይይዛል። ከዚያ የሁሉም ሰው አሻራ በአንድ ዓይነት መንገድ ይወሰዳል፣ እያንዳንዱም ደጋግሞ። ለሚያስተያየው ሰው የትኛው አሻራ የማን እንደሆነ ሊነገረው አይገባም። ጎረቤትሽ ያደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። አስቀድሞ መልሱን ይዞ ነው ፎቶውን ያየው።

ከሁሉም በላይ ግን ጠርዙ ላይ ምራቅ ይኖራል። ምራቅ ውስጥ የአፍ ሴሎች አሉ፤ ዲኤንኤ አለ። ዲኤንኤ ደግሞ ጾታን የሚናገረው በዝንባሌ አይደለም። አሜሎጀኒን የሚባል ጂን ኤክስና ዋይ ክሮሞዞም ላይ ርዝመቱ ስለሚለያይ፣ የወንድ ይሁን የሴት በዚያ ይለያል። የማን እንደሆነም ያው ናሙና ይናገራል። እንዲህ ያለ ዕቃ ስታገኙ በወረቀት ከረጢት ወይም በፖስታ አድርጉት። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ ናሙናው ይበላሻል። ጠርዙን አትንኩ፣ አትተንፍሱበት።

የሆጤዋ መምህርት ፦ ሰኞ ማታ 3:02

ሲኒው የለም። ያን ቀን ከሰዓት ታጥቧል። ያጠበችው ራሷ ልጅቷ ናት፤ እጠቢ ተብላ። የቀረው ፎቶው ብቻ ነው። እሱንም አይቼዋለሁ። ከጎን የተነሳ ነው፣ ግማሹ የአምፖል ነጸብራቅ ነው። መጠኑን የሚያሳይ ማስመሪያ እንኳ አጠገቡ የለም።

ጠበቃ ፦ ደሴ፣ ማክሰኞ ማታ 1:30

ከሕግ ወገን አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

ጦሳ ስር በባለሙያ እጅ ከሆነ ብሏል። ባለሙያ ይዞትም የሆነውን ልንገራችሁ። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኤልጂን ከተማ በ1993 እ.ኤ.አ. ሰው ተገደለ። አካባቢው ላይ ጥቅል ፕላስተር ተገኘ። የሚያጣብቀው ገጹ ላይ የከንፈር አሻራ ነበር። የፖሊስ ባለሙያዎች የተከሳሹ ነው ብለው መሰከሩ፤ የከንፈር አሻራ እንደ ጣት አሻራ የታመነ ነው አሉ። በ1997 ጥፋተኛ ተባለ። በ1999 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። በ2006 ግን ጉዳዩ እንደ አዲስ እንዲታይ ተፈቀደ፤ በኋላም ክሱ ተነሳ። ሰውዬው እስከዚያ ዓመታት እስር ቤት አሳልፏል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ አንድን ምልክት ከአንድ ሰው ጋር በእርግጠኝነት ማገናኘቱ በጥብቅ ተፈትኖ የተረጋገጠለት የዲኤንኤ ምርመራ ብቻ መሆኑን ጽፏል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ይህች ልጅ እንኳን ሊፈረድባት አልተከሰሰችም። ፖሊስ ጋም አልተሄደም።

ሌላም አለ። ሲኒው የእሷ ከንፈር ነው እንበል። ታዲያስ? የቤት ሠራተኛ ናት። ሲኒ ማንሳት ሥራዋ ነው። መኝታ ቤት መግባት ሥራዋ ነው። ቡና መጠጣትም አልተከለከለችም። የከንፈር ምልክት ወርቅ አያነሳም።

ደሞዙ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። የሠራችበት የሁለት ወር ገንዘብ ዕዳ ነው። በጥርጣሬ የሚቀር ዕዳ የለም። መምህርት፣ ባልየው ጋ ስትሄጂ ይህንን ለይተሽ ንገሪው። ካስፈለገ ልጅቷን ያለ ክፍያ እኔ እቆምላታለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ሐረጎ መስመር ፦ ማክሰኞ ማታ 1:42

ጠበቃ፣ ወላሂ አንጀቴን አራስከው። ልጅቷ ወደ ደሴ መመላለስ ካለባት ትራንስፖርቱ በእኔ ነው።

የሆጤዋ መምህርት ፦ ሐሙስ ማታ 2:25

ትናንት ሄጄ ነበር። ሚስትየዋም ከኮምቦልቻ ተመልሳለች። ረከቦት እንዳደረገችው ሊፒስቲክ፣ ነጭ ወረቀትና ማጉያ መነጽር ይዤ ገባሁ። ሰውዬውን አራት ጊዜ ከንፈርህን አትምልኝ አልኩት። መጀመሪያ ተቆጣ። ሚስቱ «ምን ይጎዳሃል» አለችው። አተመ።

አንዱ ቀጥ ያለ ሆነ። አንዱ ላይ መስቀለኛ አለ። ሁለቱ አይነበቡም። ምንም አላልኩም። የራስህን ሰንጠረዥ ክፈት ብዬ መነጽሩን ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ወረቀት ይዞ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ የቦርከና ልጅን ስሌት አሳየሁት። አራት ወንድ የሚለው ላይ ሲደርስ «እኔንም ቆጥራችሁኛል?» አለ። አዎ አልኩት።

ልጅቷ ሌባ አይደለችም አላለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቃል ከአፉ ለመስማት ነበር የሄድኩት። አላገኘሁትም። ስወጣ በር ላይ ተከትሎኝ መጥቶ ስልኳን ስጪኝ አለኝ። ሳልጠይቃት አልሰጥም አልኩት። ማታ ደወልኩላት። «ደሞዜን ይላክልኝ እንጂ እኔ እዚያ ቤት አልመለስም፣ እሱንም ማናገር አልፈልግም» አለች። ድምፅዋ ደህና ነው። ልጅ መጠበቅ የሚሆን ሥራ እያፈላለገች ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ካወቃችሁ ጻፉልኝ።

ገንዘቡ ዛሬ ከሰዓት በቴሌብር ገብቶላታል፤ የሁለቱም ወር። ወርቁ አሁንም አልተገኘም።